በመርዶ መንገድ የመጣ የምሥራች

በሰቆጣ ከተማ ድግስ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚፈለገው በሬ ነው፤ ቀጥሎ እኔ ነኝ። ሞንታርቦ አለኝ፣ ማይክ አለኝ፣ ጄኔሬተር አለኝ፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ግድግዳ የሚያክል ስክሪን አለኝ። ሠርጉም፣ ምርቃቱም፣ ስብሰባውም፣ የሻደይ ጨዋታውም የሚናገረው በእኔ ጉሮሮ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ቢሆንም ግድ የለም፤ ትንሹን ድምፅ ማተለቅ እንጀራዬ ነው።

የዚህ ሥራ ክፋቱ ምን መሰላችሁ? የሰው ጥፋት ሁሉ ወደ እናንተ ይዞራል። ተናጋሪው ንግግሩን ሲያስረዝም ሰው የሚገላምጠው እኔን ነው። ሙሽራዋ ካለቀሰች «ምን ዘፈን ከፍቶባት ነው?» ይባላል። አንድ ጊዜ አንድ የተከበሩ እንግዳ ማይኩ ላይ ሲያስነጥሱ የፊተኛው ረድፍ በሙሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። ያስነጠስኩት እኔ ነኝ እንዴ ጎበዝ? የዛሬውን ግን በማንም አላላክክም። ያን ቀን አንዲት እናት ደረቷን ስትደቃ ዋሽንቱን ከፍ ያደረግሁት በገዛ ጣቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛው በዋግ፣ በዝቋላ ወረዳ፣ ስሟን በማልጠራት አንዲት ቀበሌ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውኃ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሊመረቅ ሆነ። ዝቋላን የማታውቁ ካላችሁ፣ አገሩ ማሽላና ፍየል ነው፤ ዝናብ ሲያምረው ይመጣል፣ ሳያምረው ይቀራል፤ ውኃ የሚቀዳው ገደል ተወርዶ ነው። ጉድጓዱን ያስጀመረው ኪሮስ የሚባል የዚያው ቀበሌ ልጅ ነው። ዓረብ አገር ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። እዚያ ያሉትን የአገሩን ልጆች አስተባብሮ፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ትልቅ ድርጅት ደጅ ጠንቶ ነው ይህን ያደረገው። ምክንያቱም አንድ ነው፤ እናቱ ወይዘሮ ብርዛፍ በዚያ ገደል እንስራ ተሸክመው ሲወጡ እያየ ነው ያደገው።

የድርጅቱ የዝግጅት ኃላፊ ሶስና ትባላለች። ሥራ የምትወድ፣ ቀልጣፋ፣ ልቧ ንጹሕ ልጅ ናት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ እንዳትረግሟት ነው። ሰቆጣ መጥታ ሱቄ ተቀምጣ ሐሳቧን ነገረችኝ።

«ኪሮስን በቀጥታ በቪዲዮ ጥሪ ስክሪኑ ላይ እናመጣዋለን። እናትየው ከሄደ ጀምሮ ፊቱን አላዩትም። ግን ሰርፕራይዝ ነው፤ ምንም ማወቅ የለባቸውም!»

«እንዴት አድርገን?»

«በማለዳ የአገር ሽማግሌ ሄዶ ‹ስብሰባ አለ› ብሎ ያመጣቸዋል። አንዱ ደውሎ እንዳያበላሽብን ስልካቸውን ሰው በዘዴ ይያዝላቸው። ሳይበሉ እንዳይመጡ፤ በደስታ ራሳቸውን ቢስቱስ? ግራና ቀኛቸው ጠንካራ ሴቶች ይቀመጡ። ኪሮስንም ናፍቆቱ እንዲጨምር እስከዚያ እንዳይደውል ነግሬዋለሁ።»

«ማለዳው ጥሩ ነው» አልኳት እኔ ሞኙ። «ፀሐይ ከጠነከረች ስክሪኑ አይታይም። እንዲያውም ድንኳን እንትከልና ዙሪያውን እንዝጋው፤ ጨለም ሲል ነው የሚያምረው። መጀመሪያ የልጁን ፎቶ በጥቁርና ነጭ እናወጣና፣ ቀስ እያለ ቀለም ይለብሳል። ከሥሩ ዋሽንት እለቅበታለሁ፤ ሆድ የሚያባባውን።»

«አንተማ አርቲስት ነህ!» አለችኝ።

ተኮፈስኩ። አርቲስት ተብዬ አላውቅም፤ እስከዚያ ድረስ «ያ ሞንታርቦው» ነበርኩ።

የአገሬ ልጆች ይህን ስታነቡ ፀጉራችሁ ቆሞ ይሆናል። የእኔ አልቆመም። ሰቆጣ ተወልጄ፣ ሰቆጣ አድጌ፣ የዋግን ለቅሶ ሁሉ ደርሼ፣ ጭንቅላቴ በኬብል ተተብትቦ የሰማሁትን አልሰማሁም። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

ከዝግጅቱ በፊት ባለው ቀን ዕቃ ጭነን ወረድን። የመንገዱን ነገር ተዉት፤ ስክሪኑን በፍራሽ ጠቅልዬ እኔ በላዩ ላይ ተኝቼበት ነው የደረሰው። ቀበሌው ስንገባ ሶስና ሽማግሌ ጠይቃ ከአያ ደባሽ ጋር አገናኟት። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው የማይወርድ ሰው ናቸው። ሶስና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባቴ፣ ነገ በማለዳ ወይዘሮ ብርዛፍን ያመጡልናል። የልጃቸው የኪሮስ ነገር ነው። ግን አደራ፣ ምንም እንዳይሰሙ።»

አያ ደባሽ ቆባቸውን አወለቁ። «ዓረብ አገር ያለው?»

«አዎ።»

«እናቲቱ አልሰማችም?»

«ምንም አልሰሙም።»

«ድምፁ ከጠፋባት ሰንብቷል ትል ነበር» አሉ አያ ደባሽ። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «በሉ ለእኔ ተዉት ልጄ። እህል እንድትቀምስ አደርጋለሁ። ዘመድም እሰበስባለሁ። ይህ የእኔ ሥራ ነው።»

«እንዴት ደስ እንዳላቸው አየህ? እንባቸው መጣ እኮ!» አለችኝ ሶስና ስንመለስ። እኔም «የእኛ ሰው ሆዱ ባባ ነው» ብዬ ገመዴን መዘርጋት ቀጠልኩ።

አያ ደባሽ የቀበሌው መርዶ ነጋሪ ናቸው። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት «ሞተብህ» ተብሎ በስልክ አይነገርም። ሟቹ ሩቅ አገር ከሆነ ወሬው መጀመሪያ ለጎረቤት፣ ለነፍስ አባት፣ ለዘመድ በሹክሹክታ ይዳረሳል። ባለቤቱ ብቻ አይሰማም። ከዚያ በማለዳ፣ ሳይሰማ፣ እህል እንዲቀምስ ይደረጋል፤ በባዶ ሆድ ኀዘን ይገድላላ። ስልኩን ሰው ይይዝለታል። ፊቱን እንዳይነጭ፣ ራሱን እንዳይጥል ጉልበት ያላቸው ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ከዚያ አንድ አንደበቱ የለሰለሰ ሽማግሌ ያረዳል። እንግዲህ የሶስናን ዕቅድና የእኔን ድንኳን ከዚህ አጠገብ አስቀምጡና እዩት። የጎደለው ሬሳ ብቻ ነው።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ሕዝቡ መምጣት ጀመረ። ወይ ሕዝብ! ከየጎጡ ነጭ ለብሶ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ እየተከታተለ ይመጣል። የሚስቅ የለም፣ የሚያወራ የለም። ከአዲስ አበባ የመጡት የድርጅቱ የበላይ፣ ሪባን ሊቆርጡ የተዘጋጁት፣ ሶስናን ጠጋ ብለው «እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ሕዝብ አይቼ አላውቅም» አሉ። እኔን አንዲት ሴትዮ አልፋ ስትሄድ ክንዴን ያዝ አድርጋ «እግዜር ያጥናችሁ» አለችኝ። ስለ መንገዱ ድካም መስሎኝ «አሜን፣ እርስዎንም» አልኳት። ምን ያለ መልስ ነው!

ወይዘሮ ብርዛፍ ከአያ ደባሽ ጋር ገቡ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ዓይናቸው የነቃ ሴት ናቸው። ከፊት ወንበር አስቀመጧቸው፤ ግራና ቀኛቸው ሁለት ደንዳና ሴቶች ተቀመጡ። ዞር ዞር ብለው ሰውን አዩ። ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል።

«ደባሽ፣ የምን ስብሰባ ነው?» አሉ።

«የውኃው ነው ብርዛፍ፤ የውኃው ነው» አሉ አያ ደባሽ። ድምፃቸው ግን ተሰነጠቀ።

እኔ ከኋላ ሚክሰሬ ላይ ነበርኩ። ሶስና አውራ ጣቷን አሳየችኝ። መብራት አጠፋሁ፤ ዋሽንቱን ለቀቅሁ፤ ፎቶውን ከፈትሁ።

የኪሮስ ፊት፣ ግድግዳ አክሎ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ከጨለማው ውስጥ ብቅ አለ።

እናንተ፣ በእኛ አገር የሰው ፎቶ የሚጎላው መቼ ነው? በሕይወት ያለ ሰው ፎቶው የስልክ ያህል ይበቃዋል። ተልቆ፣ በፍሬም ሆኖ፣ ከሰው ፊት የሚቆመው ሲሞት ነው። ድንኳን ሙሉ ሕዝብ ነጠላውን ዘቀዘቀ። ወይዘሮ ብርዛፍ ፎቶውን አዩት፤ አያ ደባሽን አዩዋቸው፤ ግራና ቀኝ የያዟቸውን እጆች አዩ። ሁሉም ነገር ገባቸው።

«ወይኔ ኪሮሴ!»

ያ ድምፅ ማይክ አልነበረውም። ያለ ማይክ ሞንታርቦዬን ዋጠው። ድንኳኑ በዋይታ ተናጋ። አንዲት አልቃሽ ከመሀል ተነሥታ ግጥሙን አወረደችው፦

ውኃውን ከደጅሽ ልኮልሽ ነበረ፣
እንባሽን ልታጥቢ ነው ለካ የቀረ።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ አጨበጨቡ። ሶስና እያለቀሰች፣ እየሳቀች፣ ካሜራ የያዘውን ሰው «ቅረብ፣ እንባቸውን አንሣው፣ እንዴት ያለ ደስታ ነው!» ትላለች። እኔስ? የሰው ድምፅ ሙዚቃውን ሲበልጠው ሙዚቃውን ከፍ ማድረግ ልማዴ ነው፤ ዋሽንቱን ከፍ አደረግሁት። የበለጠ አለቀሱ። የበለጠ ከፍ አደረግሁት።

ነገሩ የገባኝ አያ ደባሽ መሬት ላይ ተቀምጠው «አልነገርኳትም፣ ሳልነግራት አየችው» እያሉ ራሳቸውን ሲመቱ ሳይ ነው። መርዶ! ልጅቷ የነገረችኝ ሁሉ፣ እኔ የጨመርኩት ሁሉ፣ መርዶ!

ዋሽንቱን አጥፍቼ፣ ማይክ ነጥቄ ወደፊት ሮጥኩ። «ወገኖቼ፣ ኪሮስ አልሞተም!» ብዬ ጮህኩ።

ማን ይስማኝ! «አልሞተም» ማለትማ አልቃሽም ትላለች። እንዲያውም እሷ ተቀብላኝ «አልሞተም በሉኝ» ብላ በዜማ ደገመችው፤ ሕዝቡም ተከተላት። ያለቅሱ ከነበሩት ላይ አንድ አልቃሽ ጨመርኩላቸው።

ቀና ስል ስክሪኑ ብልጭ አለ። በተቀጠረው ሰዓት ኪሮስ ደውሎ ኖሯል፤ ጥሪው ገባ። «ተመስገን!» አልኩ። ቸኮልኩ። ኔትወርኩ የሚመጣው ከኮረብታው ጫፍ በተከልኩት አንቴና ነው፤ ነፋስ ሲነካው ይስታል። የኪሮስ ምስል ታየና በዚያው ደረቀ፤ ዓይኑ ግማሽ እንደተከደነ፣ አፉ እንደተከፈተ፣ ምንም ሳይንቀሳቀስ ቀረ። ከድጡ ወደ ማጡ። አሁን ደግሞ ሬሳውን አሳየኋቸው።

ወይዘሮ ብርዛፍ ከያዟቸው ሴቶች አመለጡ። ስክሪኑ ሥር ተንበርክከው የልጃቸውን ፊት በሁለት መዳፋቸው ያዙት። ፊቱ ከእሳቸው ቁመት ይበልጣል፤ መዳፋቸው የደረሰው አገጩ ላይ ነው። በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ያናግሩት ጀመር። እኔም ኽምጣኛ እሰማለሁ። ምን እንዳሉት ግን እዚህ አልጽፈውም። እናት ለሞተ ልጇ የምትለውን ነው ያሉት። ሥራዬንም፣ ስክሪኑንም፣ ራሴንም ጠላሁ።

ከዚያ ምስሉ ሳይነቃ ድምፁ ቀድሞ መጣ።

«ሄሎ? ሄሎ? እማዬ?»

ዋይታው ባሰ። «ድምፁን ቀርጾላት ነው የሞተው!» አለ አንዱ ከኋላ። ይህችን የሰማ ሁሉ እንደ አዲስ ጮኸ።

አሁን ደግሞ ይህን ስሙኝ። ኪሮስም እናቱን እንዲያይ ብዬ አንድ ካሜራ ወደ ድንኳኑ አዙሬ ነበር። እዚያ ማዶ፣ ከሥራ ወጥቶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ እናቱን በደስታ ሊያይ የተቀመጠው ልጅ የታየው ምንድን ነው? ድንኳን። የተዘቀዘቀ ነጠላ። ደረት የሚደቃ ሕዝብ። እናቱ መሬት ላይ።

«እማዬ! ማን ሞተ?» ብሎ ጮኸ። «ማን ሞቶብን ነው? ለምን ደበቃችሁኝ? ወይኔ! ወይኔ እናቴን!»

ከሰቆጣ ጭኜ ባመጣሁት ሞንታርቦ የጎላ የወንድ ልጅ ልቅሶ ዝቋላን ሞላው። ምስሉም ነቃ። ኪሮስ ራሱን ይዞ፣ አዲሱን ሸሚዙን እየቀደደ ያለቅሳል። እዚህ ለእሱ ይለቀሳል፤ እሱ እዚያ ለማን እንደሆነ ሳያውቅ ያለቅሳል።

ወይዘሮ ብርዛፍ መዳፋቸውን ከስክሪኑ አነሡ። ከዚያ ዞረው በሕዝቡ ላይ ጮኹ።

«ዝም በሉ! ዝም በሉልኝ! የሞተ ሰው ማን ሞተ ብሎ ይጠይቃል?»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። የሚሰማው የጄኔሬተሩ ድምፅና የኪሮስ ሳግ ብቻ ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉት ወደ ስክሪኑ ተመልሰው። «ምን ያስለቅስሃል?»

«ማን ሞተ እማዬ? ንገሪኝ። እችለዋለሁ።»

«አንተ ነሃ!»

«እኔ?»

«አንተ። አልሞትክም እንዴ?»

ኪሮስ ግራ ገብቶት ደረቱን ዳሰሰ። ራሱም ለማረጋገጥ የፈለገ ይመስል ነበር። «እኔስ ... አለሁ» አለ።

«ካለህ ታዲያ ለምን ከሳህ?» አሉት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እናንተው ገምቱት። እልልታው ከዋይታው በለጠ። ነጠላው ሁሉ ተመልሶ ቀና። አልቃሿ የቅድሙን ግጥም ዋጥ አድርጋ ጭፈራ ጀመረች። አያ ደባሽ ብቻ ከተቀመጡበት አልተነሡም። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«አያ፣ ይቅር ይበሉን። የምሥራች ነበር እኮ።»

«ምኑን አውቄ?» አሉኝ። «ስንቱ የዚህ አገር ልጅ ባሕር ማዶ ሄደ። ስለ ሄደ ልጅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ እኔ ሲመጣ፣ እስከዛሬ ያመጣልኝ አንድ ነገር ነው። ሌላም ነገር በዝግታ ይመጣል ብሎ ማን ነገረኝ?»

ሶስናም ሰምታ ነበር፤ ፊቷ አመድ መሰለ። እስካሁን ያለቀሰችው በደስታ ነበር፤ አሁን እውነተኛውን አለቀሰች። ካሜራ የያዘው ሰው ግን ሥራው ሥራ ነውና መጣ። «እማማ፣ መጀመሪያ ሲገቡ ያለውን አንድ ጊዜ ብንደግመው? የደስታው ብቻ እንዲወጣ» አላቸው። ሶስና በክርኗ ደቃችው።

ወይዘሮ ብርዛፍ አልሰሙትም። ጥሪው ተቋርጦ ነበር፤ አንቴናዬን ነፋስ ጥሎታል። እሳቸው ግን ልጃቸውን አይተዋል። ቀጥ ብለው ከድንኳኑ ወጡ፤ ሕዝቡ ተከተለ። የበላዩ መቀስ ይዘው፣ ንግግራቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሪባኑ አጠገብ ቆመዋል። ወይዘሮ ብርዛፍ ሪባኑን በክርናቸው ከፍ አድርገው ከሥሩ አለፉ፤ ቧንቧውን ከፈቱ፤ ፊታቸውን ታጠቡ። የጉድጓዱ የመጀመሪያ ውኃ ለዚህ ዋለ። ሰውዬው ደግ ሰው ናቸው፤ መቀሱን ኪሳቸው ከተቱ፤ ንግግሩንም ሳያደርጉ ቀሩ። በሥራ ዘመኔ በንግግር ርዝመት ያልተገላመጥኩበት ብቸኛው ቀን ነው።

ዕቃ ስንጭን ወይዘሮ ብርዛፍ ወደ እኔ መጡ። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ዋሽንቱን የነፋኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እናቴ። ይማሩኝ።»

«ልጄ» አሉኝ፤ «ሁለተኛ ደስታ ስታመጣልኝ ከሩቅ እየጮህክ ና። በዝግታ የሚመጣውን እኔ አውቀዋለሁ። የኪሮስን አባት በዝግታ ነው ያረዱኝ።»

ይህን ብለው የተቀዳ ውኃ ሰጡኝ። ጠጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ክረምት አለፈ። አንድ ቀን ሱቄ ደጃፍ አንድ ከሳ ያለ ጎልማሳ ሻንጣ ይዞ ቆመ። ሳየው ደነገጥኩ፤ ይህን ፊት ግድግዳ አክሎ እንጂ በልኩ አይቼው አላውቅም።

«ዝቋላ ታደርሰኛለህ?» አለኝ ኪሮስ። «እንደምመጣ አልነገርኳትም። ድንገት ገብቼ—»

«ዝም በል!» አልኩት። «ድንገት የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛ ልትሞት ነው?»

ሞንታርቦውን መኪናው ላይ አሰርኩ። የቀበሌው ቤቶች ከሚታዩበት አፋፍ ስንደርስ አቆምኩና፣ አፉን ወደ ታች አዙሬ፣ እስከ ጥጉ ከፍቼ፣ ማይኩን ሰጠሁት። ልጁ ያዘው፤ አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣ አለች።

«ያመጣልህን ተናገር» አልኩት።

«ሄሎ» አለ። «ሄሎ። አንድ። ሁለት። እማዬ፣ እኔ ነኝ። ደህና ነኝ። ሄሎ።»

ገደሉ ተቀብሎ ደገመለት። ታች፣ ከአንድ ቤት በር ላይ አንዲት ቀጭን ሴት ወጥታ ወደ አፋፉ አየች። ቆመች። ከዚያ ዞራ ገባች።

«ምነው ገባች?» አለኝ ኪሮስ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። እኔም አላወቅሁም፤ መኪናውን አስነሣሁ። ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድነው አላስታውስም።

ወይዘሮ ብርዛፍ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። የክት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፤ ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተዋል፤ የነጠላው ጥለት እንደ ደስታ ቀን ወደ ታች ነው። ልጃቸውን አቅፈው ብዙ ቆዩ። ኪሮስ እያለቀሰ ለምን እንደገቡ ጠየቃቸው።

«ከሩቅ ስለሰማሁህ» አሉት፣ «ለመልበስ ጊዜ አገኘሁ።»